እማዬ ነርሲንግ ሆም ናት፤ ለውክልናው ኖተሪ ይምጣልን ወይስ እሷን እንውሰዳት?

የኢንግልውድ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ሎስ አንጀለስና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ለወላጅ ውክልና ያሠራችሁ፣ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ ኦፕራሲዮን ሆነች። አሁን እስክታገግም ነርሲንግ ሆም ገብታለች። አእምሮዋ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ለማሸጋገር ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ትንሽ ስትንቀሳቀስም ያማታል።

አዲስ አበባ የአባዬ ቤት አለ። እሱ ካረፈ በኋላ ጉዳዩ ሳይቋጭ ቆየ። አሁን ወንድሜ ውርሱን ጨርሶ ቤቱን ለመሸጥ የእማዬ ውክልና ያስፈልገዋል።

አንዱ መንገድ ነርሲንግ ሆሙ ድረስ የሚመጣ ኖተሪ፣ ማለት ፊርማ አረጋግጦ ማኅተም የሚመታ ሰው፣ መጥራት ነው። የደወልኩላቸው ሁሉ የተለያየ ዋጋ ነው የሚነግሩኝ፤ ከፊርማው ሌላ የመንገድም ያስከፍላሉ። ሌላው መንገድ ዊልቸር የሚጭን መኪና ይዘን ኖተሪ ቢሮ ወይም ቆንስላው መውሰድ ነው። ታላቅ እህቴ መውሰዱ ይሻላል ትላለች። ቢሮ ውስጥ የተሠራ ወረቀት አዲስ አበባ ሲደርስ የበለጠ ይታመናል ብላ ነው።

እማዬ ግሪን ካርድ አላት። የኢትዮጵያ ፓስፖርቷ ጊዜው አልፏል። እንግሊዝኛ አትችልም፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። የቱ ይሻላል ትላላችሁ?


ቫሊ ነዋሪ

እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። ባንክ ውሰዷቸው። ብዙ ባንኮች ለደንበኛቸው በነፃ ይሠራሉ። እኔ የራሴን ውክልና ባንኬ ውስጥ ነው ያስመታሁት፤ ገብቼ ፈርሜ ወጣሁ። ባንክ ካልሆነ ኖተሪ ያለበት ዩፒኤስ ስቶር የሚባለው የፖስታ ሱቅ አለ። ለአንድ ፊርማ የሰው የመንገድ ወጪ መክፈል ምን ያደርጋል?


ማኅተም

እግዚአብሔር ምሕረቱን ያውርድላቸው። እኔ ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ኖተሪ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ሰው ቤት፣ ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም እየሄድኩ ማስፈረም ነው። ስለዚህ በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቅም ያለኝ ሰው መሆኔን አውቃችሁ አንብቡኝ።

መጀመሪያ የእህትሽን ስጋት ልመልስ። ቢሮ የተቀመጠውም ሆነ እየዞረ የሚሠራው ኖተሪ ሥልጣናቸው አንድ ነው። ሁለቱንም የሚሾመው ሴክረተሪ ኦፍ ስቴት የሚባለው የካሊፎርኒያ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱም ተፈትነው፣ አሻራ ሰጥተው፣ የ15,000 ዶላር ዋስትና አስይዘው ለ4 ዓመት ይሾማሉ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የተፈረመበት ካውንቲ ነው። ቢሮ ይሁን አልጋ አጠገብ የሚል ቦታ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ወረቀቱን የሚያየው ሰው ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በካሊፎርኒያ ሕግ ለአንድ ፊርማ ከ15 ዶላር በላይ መጠየቅ አይቻልም። የመንገዱ ግን በሕግ ያልተወሰነ ነው፤ በስምምነት ነው። ስትደውይ "ለፊርማው ስንት፣ ለመንገዱ ስንት፣ ሌላ የሚጨመር አለ ወይ?" ብለሽ ለያይተሽ ጠይቂ። መልሱንም በጽሑፍ ይላክልሽ። የማይልክልሽን ተይው።

እኔን ያሳሰበኝ ግን መታወቂያቸው ነው። ይሄ ካልተፈታ ቢሮ ብትወስጃቸውም፣ ኖተሪው ቢመጣም ፊርማው አይፈጸምም።

ግሪን ካርድ በካሊፎርኒያ ለኖተሪ አያገለግልም። ሰው ሲሰማ ይገርመዋል፤ የፌዴራል መንግሥት የሰጠው ካርድ ነው እኮ። ግን ሕጉ ኖተሪ የሚቀበላቸውን መታወቂያዎች አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ ግሪን ካርድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የውጭ አገር ፓስፖርት አለ፤ ነገር ግን ጊዜው ያላለፈ ወይም ከተሰጠ 5 ዓመት ያልሞላው መሆን አለበት። የእናትሽ ፓስፖርት የ5 ዓመቱ ከሆነ፣ ጊዜው ካለፈ 5 ዓመቱም አልፏል ማለት ነው።

መፍትሔ አለው። የካሊፎርኒያ መታወቂያ ካላቸው ያ ይበቃል። ከሌላቸው ሁለት ምስክሮች ይቀርባሉ። ምስክሮቹ እናትሽን በደንብ የሚያውቁ፣ ራሳቸው የጸና መታወቂያ ያላቸው፣ በሰነዱ ውስጥ ስማቸው የሌለና ከጉዳዩ ምንም ጥቅም የማያገኙ መሆን አለባቸው። ስለዚህ አንቺም እህትሽም አትሆኑም። የእድር ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን እህት፣ የድሮ ጎረቤት ይሆናል። ኖተሪው ፊት ቀርበው ይምላሉ፤ እኚህ ሴት እኚህ ናቸው፣ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ የላቸውም፣ ለማውጣትም በጣም ይቸግራቸዋል ብለው።

እንግዲህ እናትሽን፣ ሁለት እህቶችንና ሁለት ምስክሮችን ይዞ ባንክ መሄድ ነው አንዱ ምርጫ። ሌላው ሁላችሁም ነርሲንግ ሆም መገናኘት ነው።


የኢንግልውድ ልጅ

ኧረ ግሪን ካርድ አይሆንም ብሎ የነገረኝ የለም! የካሊፎርኒያ መታወቂያ አውጥታ አታውቅም። ምስክር ግን አናጣም። ከእሷ ጋር የሚያስቀድሱ፣ በየሳምንቱ የሚጠይቋት እናቶች አሉ።

ደግሞ ልጠይቅህ። የደወልኩላቸው ኖተሪዎች አሜሪካዊና ሜክሲካዊ ናቸው። እኔ አጠገቧ ሆኜ ባስተረጉምላትስ?


ማኅተም

አይሆንም እህቴ። በካሊፎርኒያ ኖተሪውና ፈራሚዋ በቀጥታ መግባባት አለባቸው፤ በአስተርጓሚ አይሠራም። ልጅ ስታስተረጉም ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ቤቱ ሲሸጥ አንቺም ድርሻ ሊኖርሽ ይችላል። ነገ አንዱ ወራሽ ቢከራከር "እናታችን የፈረመችው ያልገባትን ነው" ይላል። እኔ ስሄድ ልጆቹን "እስቲ ለትንሽ ጊዜ ውጡልኝ" እላለሁ። ከእናትየው ጋር ብቻችንን እናወራለን። "እማማ፣ ይሄ ወረቀት ምንድን ነው? ለማን ነው የሚሰጡት? በፈቃድዎ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። በራሳቸው አፍ ከነገሩኝ አስፈርማለሁ። ካልነገሩኝ መዝገቤን ዘግቼ እወጣለሁ።

የሰነዱ ቋንቋ ሌላ ነገር ነው። ኖተሪ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ላይም ፊርማ ማረጋገጥ ይችላል። የሚያረጋግጠው ፊርማውን እንጂ ይዘቱን አይደለምና። መግባባት ያለበት ከሰውየዋ ጋር ነው።

ስለዚህ አማርኛ የሚችል ኖተሪ ፈልጊ። ትንሿ ኢትዮጵያ፣ ፌርፋክስ ላይ ብትጠይቂ አታጪም። አንድ ምልክት ልስጥሽ። ጠበቃ ያልሆነ ኖተሪ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሌላ ቋንቋ ማስታወቂያ ካወጣ፣ ጠበቃ እንዳልሆነና የኢሚግሬሽንም ሆነ ሌላ የሕግ ምክር መስጠት እንደማይችል በሁለቱም ቋንቋ መጻፍ ግዴታው ነው። በአማርኛ አስተዋውቆ ይሄን ያልጻፈውን፣ "ኢሚግሬሽንም እጨርሳለሁ" የሚለውን እለፊው።


ጋሽ ፌርፋክስ

ልጆች፣ እናንተ ስለ ኖተሪ ብቻ ታወራላችሁ። ውክልናው የሚሄደው ወደ ኢትዮጵያ አይደለም እንዴ? ዊልሸር ላይ ቆንስላችን አለ። እኔ ሁሉንም ውክልናዬን ቆንስላው ፊት ቀርቤ ነው የፈረምኩት። በአማርኛ ታስረዳለህ፣ በአማርኛ ያስረዱሃል። ከዚያ በቀጥታ ወደ አገር ቤት ትልካለህ። በአሜሪካ ኖተሪ በኩል ከሄዳችሁ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ከኖተሪው ወደ ሴክረተሪ ኦፍ ስቴት፣ ከዚያ ዋሽንግተን ስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር)፣ ከዚያ ኢምባሲ። ልጄ፣ እናትሽን ታግሰሽ አንድ ቀን ብትወስጃቸው ስንት ጣጣ ይቀርልሽ ነበር።


ማኅተም

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። የጸና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ላለው፣ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ከቆንስላ የተሻለ መንገድ የለም። እኔም ሥራዬ ቢቀርብኝም ለሚጠይቀኝ እዚያ ሂድ እላለሁ።

የእናትየዋ ፓስፖርት ግን ጊዜው አልፏል። መጀመሪያ እሱ ይታደስ ከተባለ ወራት ሊወስድ ነው። ፓስፖርቱ በእጃቸው ቢሆን ኖሮ እኔም ከጋሼ ጋር ነበርኩ።

በኖተሪ በኩል ላለው መንገድ ወጪውን ልንገራችሁ። ሴክረተሪ ኦፍ ስቴት ለአንድ ሰነድ 20 ዶላር ያስከፍላል። በፖስታ ወደ ሳክራሜንቶ ይላካል። በአካል ከሆነ ሎስ አንጀለስ መሀል ከተማም ቢሮ አላቸው፤ ያኔ 6 ዶላር ይጨመራል። ወረቀቱ ወደ ኢትዮጵያ እንደሚሄድ ንገሪያቸው፤ የሚሰጡት ማረጋገጫ እንደሚሄድበት አገር ይለያያል። ስቴት ዲፓርትመንትም 20 ዶላር ነው። ሰነዱ በአማርኛ ብቻ ከሆነ እነሱ የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ትርጉሙን አዘጋጂ።


ነርስ ነኝ

እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ነው፤ በዚያ በኩል የማየውን ልጻፍ።

በሽተኛ ለማውጣት "ዊልቸር መኪና ይዘን እንሄዳለን" ማለት ቀላል አይደለም። የሐኪም ፈቃድ ይጠየቃል። ዳሌ በተሠራ ሰው ደግሞ አቀማመጡም፣ ከመኪና አወራረዱም ጥንቃቄ አለው። መንገድ ተዘግቶ ሲቆይ ሕመሙ ይነሳል። ቢሮ ሲደርሱ ደክመው፣ ተበሳጭተው፣ "ተዉኝ፣ ወደ ቤት መልሱኝ" ይላሉ። እንዲህ ሆነው የሚፈርሙት ፊርማ ለማንም አይበጅም። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ቁርጥ ያለ ነው። የታመመ ሰው ለወረቀት ሲባል መንገላታት የለበትም። ወረቀቱ ነው ወደ እሳቸው መምጣት ያለበት።

ሰዓቱን ምረጪ። የሕመም ማስታገሻ ከወሰዱ በኋላ የሚያንቀላፉ ከሆነ ያኔ ኖተሪ አይጠራም። ብዙዎቹ ጠዋት፣ ቁርስ ከበሉ በኋላ ነቃ ይላሉ። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ነርሷን ጠይቂና ቀጠሮውን በዚያ ልክ አድርጊ። መነጽራቸውን አትርሺ። የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው ባትሪው ይሥራ። አልጋ ላይ የሚሳብ ጠረጴዛ አለ፤ እሱ ላይ ይፈርማሉ። ክፍሉን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነ ጸጥ ያለ ክፍል እንዲሰጧችሁ ለኃላፊዋ ቀድመሽ ንገሪ። ምስክር ሁኑልን ብላችሁ ግን ሠራተኞቹን አትጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ አይፈቀድልንም።

አንድ ነገር ደግሞ። እግረ መንገዴን ብለሽ የሕክምና ውሳኔ ሰነድም አብረሽ ለማስፈረም ካሰብሽ፣ በካሊፎርኒያ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያለ ሰው ያንን ሲፈርም ከምስክሮቹ አንዱ ኦምቡድስማን የሚባለው የታካሚዎች ተሟጋች መሆን አለበት። ከእሱ ጋር የሚያገናኝሽ የነርሲንግ ሆሙ ሶሻል ወርከር ነው። ከቤቱ ውክልና ጋር አታደባልቂው።


የቬጋስ ሹፌር

እዚህ ላስ ቬጋስ ለአጎቴ ኖተሪ ጠርተን ነበር። በስልክ አንድ ዋጋ ተነገረን። ሲመጣ "ይሄ ለማታ፣ ይሄ ለመጠበቅ፣ ይሄ ለገጽ ብዛት" እያለ ጨመረ። አጎቴ አልጋ ላይ ሆኖ ከሰው ጋር ዋጋ መከራከር ደስ አይልም። ከፈልን። ኋላ ስንጠይቅ በኔቫዳ የመንገዱም ክፍያ በሕግ የተወሰነ ነው አሉን። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በሰዓት 15 ዶላር፣ ከዚያ ውጭ 30 ዶላር። ቀድመን ብናውቅ ማንም አያታልለንም ነበር። የየስቴቱን ሕግ ጠይቁ። ኒውዮርክ ለፊርማው 2 ዶላር ነው፤ ቴክሳስ ለመጀመሪያው ፊርማ 10 ዶላር።


ሳንዲያጎ

በቪዲዮ የሚሠራው ኦንላይን ኖተሪስ? ማንም የትም ሳይሄድ ያልቃል ይባላል።


ማኅተም

በቪዲዮ የሚሠሩ ስቴቶች አሉ፤ ቨርጂኒያ ከፈረንጆቹ 2012 ጀምሮ ትሠራበታለች። ካሊፎርኒያ ሕጉን በፈረንጆቹ 2023 አውጥታለች፤ ሥርዓቱ ተዘርግቶ የራሷ ኖተሪዎች እስኪጀምሩ ግን እስከ 2030 ሊዘልቅ ይችላል። የሌላ ስቴት ኖተሪ በቪዲዮ የሠራውን ካሊፎርኒያ ትቀበላለች።

ለእኚህ እናት ግን አልመክርም። ብዙዎቹ ድርጅቶች ማንነትን የሚያጣሩት ከአሜሪካ የብድርና የአድራሻ ታሪክ ጥያቄ እያወጡ ነው። "በዚህ ዓመት የትኛው መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር? የመኪና ብድርዎ ስንት ነበር?" እያሉ። በልጆቻቸው ቤት የኖሩ እናት ይሄን ከየት ያመጡታል? አገር ቤት ያሉትም ሆኑ ወረቀቱ በመሀል የሚያልፍባቸው መሥሪያ ቤቶች በቀለም የተፈረመ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው የለመዱት።


ጠበቃ ከስድስት ኪሎ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ከውጭ የሚመጡ ውክልናዎች በየጊዜው ይገጥሙኛል። የሚመለሱት በአብዛኛው በኖተሪው ምክንያት አይደለም። በውስጡ በተጻፈው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ ውልና ማስረጃ ስትቀርቡ ሠራተኛው ሰነዱን ያነባል። ከሕግ ጋር መስማማቱን፣ የፈራሚውን ችሎታ፣ ንብረቱ የማን እንደሆነ ያያል። በአዋጅ 922/2008 የተሰጠው ሥራ ነው። የካሊፎርኒያ ኖተሪ ግን በማረጋገጫው ወረቀት አናት ላይ ራሱ ተጽፏል፦ የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነት ብቻ ነው፤ የሰነዱን እውነተኛነት፣ ትክክለኛነት ወይም ሕጋዊነት አይደለም። ስለዚህ ስህተት ያለበት ውክልና እዚያ ማኅተም ተመትቶበት፣ ሦስት መሥሪያ ቤት አልፎ፣ ብዙ ወጪ ወጥቶበት እዚህ ደርሶ ይወድቃል። ሲወድቅ ያየሁት ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ያሳዝናል። እናትየው ዳግም መፈረም በማይችሉበት ጊዜ የደረሰም አለ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2204 እና 2205 ግልጽ ናቸው። ጠቅላላ ውክልና ንብረት ከማስተዳደር አያልፍም። ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። "ስለ እኔ ሆኖ ማንኛውንም ነገር እንዲፈጽም" የሚል ወረቀት ቤት አያሸጥም። "እንዲሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስመ ሀብቱን እንዲያዛውር" ተብሎ ይጻፍ። ቤቱ ያለበት ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና የካርታ ቁጥር ይግባ። የወራሽነት ማስረጃ ገና ካልወጣ "በፍርድ ቤት እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ ጠበቃ እንዲወክል" የሚለውም ይጨመር።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። የአሜሪካ ወረቀት ላይ የሰውየው ስምና የአባት ስም ብቻ ይሆናል። እዚህ ካርታው ላይና የጋብቻ ማስረጃው ላይ እስከ አያት አለ። ሰነዱ ውስጥ እስከ አያት ጻፉት። ሆሄውም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁን።

ይሄን የምለው በአክብሮት ነው፤ ጉዳዩን አታቆዩት። በሕጋችን ውክልና ሰጪው ሲያርፍ ወይም ችሎታውን ሲያጣ ውክልናው ያበቃል። እናትሽ አእምሯቸው ደህና ሆኖ መናገር በሚችሉበት በዚህ ጊዜ ይፈርሙ። ከመፈረማቸው በፊት ረቂቁን ለወንድምሽ ላኪለት። ውልና ማስረጃ ወይም ጠበቃ ያሳየው። "ይሄ ይበቃል" ሲባል ብቻ ኖተሪውን ጥሪው።

ሰነዱ እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል።


ቫሊ ነዋሪ

እኔ በራሴ ልክ ነበር የመለስኩት። ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ለእሳቸው ኖተሪው ይምጣ ነው የምለው። ለራሱ ለሚያሠራ ጤነኛ ሰው ግን አሁንም ባንክ ነው።


የኢንግልውድ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እህቴን አስነብቤያታለሁ፤ ተስማምተናል። ረቂቁ ዛሬ ለወንድሜ ተልኳል። እሱ ጠበቃ አሳይቶ እሺ ሲለን አማርኛ የሚችል ኖተሪ ጠርተን ጠዋት ነርሲንግ ሆም እናስመጣለን። ከሚጠይቋት እናቶች ሁለቱ ምስክር ሊሆኑ ፈቅደዋል፤ የካሊፎርኒያ መታወቂያ አላቸው።

የቀረኝ የእጇ ነገር ነው። አንዳንድ ቀን እስክሪብቶ አይጨብጥላትም። በዚያ ቀን ቢሆንስ?


ማኅተም

የተንቀጠቀጠ ፊርማ ፊርማ ነው። ከድሮው ፊርማቸው ጋር ባይመሳሰል አትጨነቂ፤ እኔ ፊት መፈረማቸው ነው ዋናው። ወፈር ያለ እስክሪብቶ ያዢላቸው። እጃቸውን ግን ማንም ይዞ እንዳያንቀሳቅስ።

ጨርሶ መፈረም ካቃታቸው በምልክት መፈረም ይቻላል። እሳቸው የኤክስ ምልክት ያደርጋሉ። ሁለት ምስክሮች እያዩ ነው የሚሆነው። ከምስክሮቹ አንዷ ከምልክቱ አጠገብ የእናትሽን ስም ትጽፋለች፤ ሁለቱም በምስክርነት ይፈርማሉ። ይሄ ሊሆን እንደሚችል ስትደውይ ለኖተሪው ቀድመሽ ንገሪው፤ ተዘጋጅቶ ይምጣ።

ከውክልና ጋር የአውራ ጣት አሻራም አለ። እሱ የሚያርፈው ኖተሪው መዝገብ ላይ ነው፤ ሰነዱ ላይ አይደለም። እናትሽ "ለምን አሻራ?" ቢሉ ሕጉ ለውክልና ስለሚጠይቅ ነው በያቸው፤ የሚጠብቀውም እሳቸውን ነው።

ኖተሪው ከመውጣቱ በፊት ወረቀቱን ራስሽ ተመልከቺ። ባዶ የቀረ ቦታ አይኑር። ቀኑና ካውንቲው ይጻፍ። የእናትሽ ስም ማረጋገጫው ላይ በሰነዱ እንዳለው ይሁን። ማኅተሙ ፊርማም ጽሑፍም ላይ አይረፍ፤ የኖተሪው ስም፣ የሹመት ቁጥሩና ሹመቱ የሚያበቃበት ቀን ጥርት ብሎ ይነበብ። ከደበዘዘ እዚያው እያለ እንደገና ይምታልሽ፤ የደበዘዘ ማኅተም ሴክረተሪ ኦፍ ስቴት ላይ ይመለሳል።